አልማዝ ማናት?

የእኛ ሰው ለክፉ በሽታ ቆንጆ ስም ማውጣት ይችልበታል። ፈረንጅ ሺንግልስ ብሎ የሚገላገለውን፣ ጎን ወይም ፊት ላይ በአንድ ወገን ወጥቶ እንደ እሳት የሚለበልበውን ውኃ ያዘለ ሽፍታ፣ እኛ «አልማዝ ባለጭራ» ብለን ክርስትና አንስተነዋል። ክፋቱ ስሙ አይደለም። በእኛ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አልማዝ የወጣችበት ሰው «ያ በሽታ» አለበት ተብሎ ይታማ፣ የሚጠጣበት ብርጭቆ ሳይቀር ይለይበት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለን እንተርታለን። ተርተን እንደብቃለን።

ጋሼ ተሰማም ደበቁ። እዚህ ፈረንጅ አገር ኢንግልዉድ የሚኖሩ፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ወዳጄ ናቸው። ጠዋት ደውለው በሹክሹክታ «አልማዝ ሳትሆን አትቀርም፤ ሚስቴ እንዳትሰማ» አሉኝ። ቀን ላይ ፌርፋክስ ካለው ምግብ ቤት ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ገብተው ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። ሽፍታው ከግንባራቸው ወርዶ የግራ ዓይናቸው ቆብ ላይ ደርሷል፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ዓይን ለሹፌር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሚራክል ማይል ወዳለው ክሊኒክ አሁኑኑ እንሂድ፣ ዓይንዎ ሊጠፋ ይችላል ብዬ ለመንኳቸው። አሻፈረኝ አሉ። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ አብራቸው የምታስቀድስ ሴት ናት። ደግሞም ሸረሪት ሸንታብኝ ነው፣ ቅባት ቀብቼዋለሁ፣ ይደርቃል አሉ። እኔ እለምናለሁ፤ እሳቸው ሊወርዱ የመኪናውን በር ይዘዋል።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። መኪናዬ ውስጥ ስልክ የሚነሳው በስፒከር ነው። ሚስታቸው እትዬ ብርሃኔ ናቸው።

«ስማ፣ አልማዝ ማናት?»

ለካ የጠዋቱን ሰምተዋል። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ውሽማው ናት በላት» አሉኝ። እናንተዬ፣ ሰው ከበሽታ ውሽማ ሲመርጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጭንቅ ያዘኝ። ዓይናቸውን ደግሜ አየሁና እውነቱን ተናገርኩ፤ ጋሼም አጠገቤ እንዳሉ።

እትዬ ብርሃኔ ሲመልሱ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ተሰማ፣ አምና ጎኔን ያመመኝ ኩላሊት አልነበረም። እሷው ነበረች። ትተወኛለህ ብዬ ፈርቼ ደበቅኩህ። ዘግይቼ ታከምኩና ሽፍታው ቢደርቅም ሕመሙ ይኸው እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ሶ፣ አንተ አትዘግይ።»

ጋሼ የበሩን እጀታ ለቀቁ። «ድራይቭ አድርግ» አሉኝ፤ እንባቸው ቁስሉን እያቃጠለው።

ሐኪሙ እዚያው ክኒን አስጀምሮ በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም ላካቸው። ሸረሪት የለችበትም አላቸው፤ በልጅነት የወጣ ጉድፍ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ዕድሜ ሲገፋ ወይም ሰውነት ሲደክም ይነቃል። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሰው ደግሞ መድኃኒት ቤት የሚወጋ ክትባት አለ፤ ሲድኑ እርስዎም ሚስትዎም ተከተቡ ብሎ ሸኛቸው።

ዓይኑ ተረፈ። እትዬ ብርሃኔ የተደበቀውን በሽታ ይቅር አሉ፤ እሳቸውም ደብቀው የለ? የውሽማዋን ነገር ግን ስፒከሩ ለእሳቸውም አድርሶላቸው ኖሯል። በቀደም ባልና ሚስቱ ተያይዘው መድኃኒት ቤት ሲገቡ አግኝቻቸው ምን እግር ጣላችሁ ብል፣ ጋሼ መልስ ሳይሰጡኝ እትዬ ቀደሙ።

«ጣውንቴን ላስወጋት ነው» አሉኝ።