ክቡር ድው እና ያልተሻገሩት ድልድይ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ዜማ ብቻ ያለው ሰው አለ። እኛ ጋ የለም ካልክ፣ ሰውዬው አንተ ነህ ማለት ነው፤ ባልደረቦችህ ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ብለውህ ነው።

የኛ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ድርሻውን በደንብ ወስዷል። እኔ በያጅ ነኝ። ከኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ብረት የሚቆርጡት ሰውዬ ደግሞ ክቡር ድው ይባላሉ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ሌላ ማዕረግ የሚሰጣቸው ሰው ስለጠፋ "ክቡር"ንም ከራሴ ጨመርኩበት።

ክቡርነታቸው ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዜማ አዜመዋል። የዘፈን ዜማ ቢሆን እኮ ምን ነበረበት! የጌም ነው። ልጅ ሆነው ቤታቸው የነበረ፣ ካሴት እየተሰካበት በቴሌቪዥን የሚጫወቱት የድሮ ጌም። ሰማያዊ ቆብ ያደረገ አንድ ጣት የሚያክል ሰውዬ፣ ሳንቃው የረገፈ ድልድይ ላይ እየዘለለ ይሻገራል። ሙዚቃው ከኋላው "ቲሪ ቲሪ ራራም፣ ቲሪ ቲሪ ራራም" ይላል። ክቡርነታቸው ታዲያ ሁልጊዜ ሰባተኛው ሳንቃ ላይ ይወድቁ ነበር። ሲወድቁ ሙዚቃው ይቋረጥና "ድው!" ይላል። ስለዚህ ዜማውን የሚያውቁት እስከ ሰባተኛው ሳንቃ ነው። እስከዛ ያዜማሉ፣ "ድው!" ይላሉ፣ ከዛ እንደገና ከመጀመሪያው። በቀን ስንቴ እንደሚሆን ልቆጥር ሞክሬ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተውኩት።

የአሠሪያችን አጎት የተቀበሩ ዕለት ሳጥኑ ቀስ እያለ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ፣ ከኋላዬ በለሆሳስ "ቲሪ ቲሪ" ሰማሁ።

"በእናትህ አሁን እንኳን ተው!" አልኩ ሳልዞር።

"ምን አደረግኩ?"

"እያዜምክ ነው!"

"እኔ?" አሉ። እውነትም አያውቁትም።

ሳጥኑ መሬት ሲነካ ምን እንዳሉ መናገር አያስፈልገኝም። የሟች ሚስት ለቅሶዋን አቋርጣ ዞረች። ደንግጬ ያቀረቀርኩት እኔ ስለነበርኩ እስከዛሬ የምታኮርፈው እኔን ነው።

ደግሞ እፍታቸው አለ። ያ ጌም አልሠራ ሲል ካሴቱ ይነቀልና አፉ ላይ እፍ ይባልበታል፤ የዛን ጊዜ ልጅ ሁሉ እንደዛ ነበር የሚያደርገው። ሌላው ሰው አድጎ ተወው። ክቡርነታቸው ግን ትምህርታቸው በዚሁ ተጠናቀቀ። ማሽን አልነሳ ሲል እፍ፣ ስልክ ሲዘጋ እፍ፣ ቁልፍ ሲነክስ እፍ። አንድ ቀን አሠሪያችን ደም ግፊቱ ተነስቶበት ወንበር ላይ ሲዘረጋ፣ እኛ መኪና እንጥራ ስንል፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ጆሮው ውስጥ እፍ አሉበት። ሰውዬው ተነሳ። ከዛ ወዲያ ማን ይቻላቸው!

ባለቤታቸውን አንዴ "እንዴት ቻልሽው?" ብዬ ጠይቄያታለሁ።

"ሌላ ሴት ቢይዝብኝ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። "ለሴት መላ አይጠፋም። ለድው ምን ይደረጋል?"

እኔም ዘዴ ነበረኝ። ጠዋት ስገባ ጆሮዬን በጥጥ ጥርቅም አድርጌ እወትፋለሁ፣ ማታ ስወጣ አወጣዋለሁ። ይህን ጥጥ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጥጡን ባወለቅኩበት ሰዓት፣ ክቡርነታቸው የሁልጊዜ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። "መጨረሻው ግን ምን ይሆን?"

"ያው ቲሪ ቲሪ ነዋ! ምን ሊሆን ኖሯል?"

"አይደለም። ሰባተኛው ሳንቃ ላይ ስደርስ ዜማው ሊታጠፍ ሲል ይታወቀኛል። ሊታጠፍ ሲል ነው የምወድቀው።"

ከዛ ሳልጠይቃቸው አወሩኝ። እናታቸው ከኋላ ተቀምጠው ልብስ ይጥፉ ነበር። ስለ ጌም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ግን ልጃቸው ሰውዬውን ሲያዘልለው እሳቸውም ከወንበሩ ብድግ ይላሉ። ሙዚቃው ሲመጣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። "ዛሬ ታልፋለህ የኔ ጌታ" ይላሉ፣ በየቀኑ። በየቀኑ ድው። አንድ ቀን ልጅየው ተቻኩሎ የሬዲዮኑን አዳፕተር ጌሙ ላይ ሰካው። ጭስ አለና በዛው ቀረ። ሌላ መግዣ አልነበራቸውም። እናትየውም ዓመት አልቆዩም።

"እፍ አልኩ፣ እፍ አልኩ፣ እምቢ አለ" አሉኝ።

ከሁለቱ የትኛው ላይ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የክቡርነታቸው ጆሮ ባዳነቱ አልበቃ ብሎት ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ተነሳ። መጀመሪያ አሠሪው ሲጠራቸው አይሰሙም አልን፤ እሱስ ጤንነት ነው። በኋላ ግን ማሽናቸው ተበላሽቶ እየተንጫረረ እሳቸው ዝም ብለው ሲቆርጡ አየሁ። እጃቸውን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

"ጋሼ፣ ሥራ ላይ የጆሮ መከላከያ አያደርጉም ነበር?" አለች ሐኪሟ እየጮኸች።

"ሳደርገው ዜማው የሌላ ሰው ይመስለኛል።"

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

መስሚያ መሣሪያ ሰጠቻቸው። ተቀበሉና፣ ገልበጥ አድርገው፣ እፍ አሉበት።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"አንዳንዴ አቧራ ነው።"

አቧራ አልነበረም። የሞተው የመስማት ኃይል አይመለስም፣ የቀረውም ከጥቂት ወር አያልፍም አለች። መንገዱን ሙሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "እንግዲህ መጨረሻውን ሳልሰማው ነዋ?"

ከመውጣታችን በፊት ሐኪሟ "እርስዎም እዛው ነው የሚሠሩት?" ብላ የኔንም ጆሮ አይታው ነበር። ንጹሕ ነው አለች። "ጥጥ እወትፋለሁ" ስላት "ጎበዝ! ጓደኛዎም እንደ እርስዎ ማሽኑን ቢፈሩት ኖሮ..." አለች። እኔ ማሽኑን መቼ ፈራሁና! ሀያ ሁለት ዓመት የወተፍኩት ከሱ ዜማ ለማምለጥ ነው። እሱ ጆሮውን ለዜማው ሰጠ፣ የኔን ጆሮ ደግሞ ዜማው አተረፈልኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ "ክቡርነታቸው" የምትለው ቀልድ አፌ ላይ አልመጣ አለችኝ።

ያንን ጌም ፍለጋ ሁለት ወር ዞርኩ። ያልገባሁበት የቴሌቪዥን ጠጋኝ ቤት የለም። በመጨረሻ አንዱ ከአሮጌ ዕቃ ክምር ሥር ጎትቶ አወጣው።

"ወንድሜ፣ ይሄን የሚፈልግ ሰው ወይ አብዷል ወይ ሞቷል" አለኝ።

"መሀል ላይ ነው" አልኩት።

እሁድ ከሰዓት ቤቱ ይዤለት ሄድኩ። አዳፕተሩን ሦስቴ አየሁት። ካሴቱ ሲሰካ ቴሌቪዥኑ ግራጫ ብቻ ሆነ። ያኔ ነቀለው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እፍ አለበት፣ መለሰው። ሰማያዊ ቆብ ያደረገው ሰውዬ ብቅ አለ። ከአሠሪያችን ጆሮ ቀጥሎ ስትሠራ ያየኋት ሁለተኛዋ እፍ ናት።

ዘግይተን ነበር። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትነው፤ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፤ እሱ ግን "ተከፍቷል?" ይላል። ለማንኛውም ተጫወተ። ሀያ ሁለት ዓመት ብረት የጨበጡ ጣቶች ለዛች ትንሽ ቁልፍ አይሆኑም። አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሰባተኛው ሳንቃ ላይ፣ ድው።

"ወዲህ አምጣው!" አለች ባለቤቱ። "ስትወድቅ ኖርክ እኮ!"

እሱ ሄዶ መዳፉን የቴሌቪዥኑ ጎን ላይ፣ ድምፅ ማውጫው ላይ ለጠፈና ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ጀመረች። አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ። ስትዘል እኔም አብሬ መነሳቴን ያወቅኩት ወንበሩ ከኋላዬ ሲገለበጥ ነው።

ተሻገረች።

ዜማውም ታጠፈ። እውነቱን ነበር። ያ ሲያጣድፈኝ የኖረ ቲሪ ቲሪ ድንገት ዝቅ አለ፣ ረጋ አለ፤ የተኛ ልጅ አቅፎ ወደ አልጋ እንደሚወስድ ሰው ቀስ ብሎ ይራመድ ጀመር። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። እኔ ሰማሁት። በጥጥ ስሸሸው የኖርኩት ሰውዬ። እሱ መዳፉ ላይ ንዝረት ብቻ ነበረው።

"አለቀ?" አለ ዓይኑን ሳይከፍት።

አላለቀም። ማለቂያ የለውም። አሥሩ ሰከንድ ሲያበቃ ዞሮ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከድልድዩ ማዶ ወዳለው በር ከገባች ዜማው እንደሚቋረጥ ገብቷት፣ ባለቤቱ ባለ ሰማያዊ ቆቡን ሰውዬ ደጃፉ ላይ አቁማ ያዘችው።

"ገና ነው!" ብዬ ጆሮው ሥር ጮህኩ።

ከላይ ጥግ ላይ ግን ሰዓት አለ፤ ቁጥሩ ይቀንሳል። ሠላሳ። ሀያ። እሷ አየችው፣ እኔም አየሁት። እሱ ጭንቅላቱን ቀስ እያደረገ ይነቀንቃል። አሥር። "ገና ነው!" ዜሮ።

ድው።

መዳፉ ላይ ተሰማው። ዓይኑን ከፈተ። መዳፉን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳ።

"ለካ ተሻገርክም አልተሻገርክም መጨረሻው ድው ነው" አለ። ከዛ ፊቱ በራ። "እንግዲያው እናቴ ያኔም ሙሉውን ነበር የምትሰማው። ምንም አላጎደልኩባትም።"

ባለቤቱ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዛ ቀና ብዬ እንዲያይ አድርጌ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩለት። ሙሉውን።

አሁን ማዜም ትቷል። የራሱ ድምፅ አይሰማውማ። እኔም ጥጡን ጣልኩት፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚጮህ የሰማሁት ገና አሁን ነው። አስቀያሚ ነው። ሰው እንዴት እዚህ ውስጥ ይሠራል?

ትናንት ምሳ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጠረጴዛውን በጣቶቼ መታሁት። ቲሪ ቲሪ ራራም። እሱ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ይበላል። ከሰባተኛው ሳንቃ ወዲያ ያለውን አውቀዋለሁ፤ መቀጠል እችል ነበር። አቆምኩ።

ቀና እንኳን ሳይል፣ አፉ ምግብ እንደሞላ፣ "ድው" አለ።