የሚያላዝነው ቧንቧና የሰዓት ጠጋኙ ዘመቻ

ሰዓት ጠጋኙ በትዳር ዙፋን በተቀመጠ በአራተኛው ዓመት፣ አማቱ «ለሁለት ቀን ብቻ» ብለው በመጡ በሰባተኛው ወር፣ በዘመነ ነፋስ፣ ከበረንዳው ግድግዳ ጋር በሽቦ የታሰረው ባዶ የአንቴና ቧንቧ ማላዘን ጀመረ። ነፋሱ በላይኛው አፉ ላይ ሽው ባለ ቁጥር ቀጭን፣ ጆሮ የሚሰረስር ልቅሶ ያወጣ ነበርና፣ ቤተ ሰቡ እንቅልፍ አጣ፤ የጎረቤት ውሻም እየተቀበለ ያላዝን ነበር።

ወእምዝ አማቲቱ በረንዳ ላይ ወጥተው አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጅ ነጋሪውም ራሳቸው ነበሩ። «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ሲያሟርት በሚውል ቤት ልጄን አላኖርም! እስከ እሑድ ይሄ ነገር ዝም ካላለ እጇን ይዤ እሄዳለሁ!» ሰዓት ጠጋኙም ይህን በሰማ ጊዜ መሰላል ሊዋስ ወጣ፤ ሚስቱን ከልቡ ይወዳት ነበርና።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያ ደቂቃን የሚያስገብር፣ ሰከንድን የሚገሥጽ፣ ቁንጫ የምታህል ብሎን የምትንቀጠቀጥለት ጀግና ለዘመቻ ተነሣ። በቀኙ መሰላል ያዋሰው አናጢ፣ በግራው እንዳይወድቅ የምትማጸን ሚስቱ፣ በኋላው ሥራ ፈት ጎረቤቶች በየማዕረጋቸው፣ ከሁሉም ኋላ ያ ውሻ ተሰልፈው ተከተሉት። ይሁን እንጂ ጀግናው ከፍታ ይፈራ ነበርና ከሦስተኛው መወጣጫ አላለፈም። «ጠላት የግድ ከአናቱ አይመታም!» ብሎ ዐወጀና ወርዶ፣ የቧንቧውን የታችኛውን አፍ በአንድ ድንች ወተፈው።

ወዮ! ላይ ታቹ ክፍት የነበረ ቧንቧ አንድ አፉ ሲደፈን፣ በውስጡ የታጎረው አየር የድምፁን ቅጥነት በግማሽ እንደሚቀንሰው ማን በነገረው! ነፋሱ ሲመለስ ቧንቧው ዝም አላለም፤ በጎርናና፣ በረጋ የወንድ ድምፅ «እምምም» አለ። ሠራዊቱ ተበተነ፤ ውሻው አጥር ዘለለ።

አማቲቱ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ሟቹ ባላቸው ጋዜጣቸውን እያነበቡ፣ እርሳቸው ወግ ሲያወጉ የሚመልሱላቸው ልክ እንዲሁ ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር ከዚህ የረዘመ መልስ ሰጥተው አያውቁም። እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ወንበራቸውን ከቧንቧው ሥር አስጠጉ፣ የተጠራቀመ ወሬያቸውንም ከመጀመሪያው ጀመሩለት፤ ነፋሱም በየመሀሉ «እምምም» ይል ነበር። ሲመሽም ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፦ «ያቺን ድንች የነካ ወዮለት! ልጄም እኔም ከዚህ ቤት ንቅንቅ አንልም!»

ክብር ለሰዓት ጠጋኙ፣ መሰላል ሳይጨርስ ለነገሠው፣ አንዲት ሴት እንዳትሄድበት ዘምቶ ሁለት ላስቀረው! ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ ትዕግሥቱን ግን አብልጦ ይስጠው።