የልደታዋ ሊቀ ጠያቂያን

እግዜር ሰፈር ሲፈጥር መጀመሪያ ጠያቂዋን ይፈጥራል፤ በሽተኛው ኋላ ነው የሚመጣላት። እሷን የማያውቅ ሰው የለም። ጉንፋን ይዞህ አንድ ጊዜ ስታነጥስ ነጠላዋን እያጣፋች ደጅህ ላይ ቆማለች። ሐኪም ይዘገያል፣ ቄስ ይዘገያል፣ ሞትም ራሱ አንዳንዴ ይዘገያል። እሷ ግን ዘግይታ አታውቅም።

ልደታ በጣሊያን ጊዜ የነበረቻት ጠያቂ እትዬ ወለተሰንበት ይባላሉ። ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን፤ ሹመታቸው ሊቀ ጠያቂያን ስለሆነ ግድ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከእህታቸው ልጅ ከማናለብሽ ጋር ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል። እሳቸውንም ቢሆን በደንብ ጠይቀዋቸው ነው የሞቱት።

አጠያየቃቸው ሥርዓት ነበረው። በቅል አጥሚት ይዘው ይገባሉ፤ “እግዜር ይማርህ” ብለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ በሽተኛውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ካዩ በኋላ በሰፈሩ የታወቀችውን ቃላቸውን ይናገራሉ። “መልክህስ ደህና ነው፤ ዓይንህን ነው ያልወደድኩት።” ከዚያ በዚያው በሽታ የሞቱትን ሁሉ በየስማቸው ይጠራሉ። ጫማ ሰፊው ሂርጳ አንድ ጊዜ ወስፌ ጣቱን ወግቶት አበጠና እትዬ ሊጠይቁት መጡ። በጣት የሞቱ ሦስት ሰዎች ቆጠሩለት። ሂርጳ በማግስቱ ሽማግሌ ጠርቶ ተናዘዘ፤ የሥራ ዕቃውን ለወንድሙ አወረሰ። በሦስተኛው ቀን ጣቱ ዳነ፤ ወንድሙ ግን ዕቃውን አልመልስም አለ። ጠላ ሻጯ ጠጅቱ ደግሞ መጋኛ መትቷት ተኝታ ሳለ እትዬ እየመጡ ነው ሲሏት ተስፈንጥራ ተነሥታ ጌሾ መውቀጥ ጀመረች፤ በዚያው ዳነች። እትዬ ይህን ሁሉ የአጥሚታቸው ሥራ ያደርጉት ነበር። ሰው ሕመሙን ሸሽጎ ካገኙት ይቆጣሉ፤ “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም” ይሉታል።

የአናጢው የጴጥሮስ ሚስት ታየች አትወዳቸውም ነበር። የመጀመሪያ ልጇ የታመመ ጊዜ መደቧ ላይ ተቀምጠው፣ እንዲህ ያለ ሕፃን ስንት ቀን እንደሚቆይ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ልጁ ባሉት ቀን ሞተ። ገዳዩ በሽታው እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ ቢሆንም ይቅር አላለቻቸውም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት ተስቦ ገባ። አዋጅ ወጣ። በሽተኛ መጠየቅ ክልክል፣ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል፣ ቀብር ከአራት ሰው በላይ ክልክል። የሰፈሩ መውጫ በሽቦ ታጠረ። ተስቦ የተገኘበት ቤት በሩ ኖራ ይቀባል፤ በሽተኛው በካሚዮን ተጭኖ ከከተማው ዳር ወደተተከሉት ድንኳኖች ይወሰዳል፤ የቀረው ቤተሰብ ሴት ወንድ ሳይባል ይላጫል፤ ልብሱ ይቃጠላል። ለጤናችሁ ነው ተባለ። የካቲት ላይ ቤቱን ከነሰዉ ሲያነዱበት የነበሩት ራሳቸው ስለ ጤናው ማሰብ ሲጀምሩ የልደታ ሰው እንዴት እንደሚያመሰግን ግራ ገባው። ከየካቲት የተረፈ ሰው ወዶ ካሚዮን ላይ አይወጣም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጌጃ ሰፈር ነጭ ሽንኩርት ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረ። ጠጅቱ ጠላ የጠጣ ሰው ተስቦ አይነካውም ብላ አስወራችና ቤቷ በሰው ሞላ። የንስሐ አባታችን መስቀሉን በረጅም እንጨት ጫፍ አስረው ከሩቅ ማሳለም ጀመሩ። የጣሊያኑ ዶክተር በሽታውን የሚያመጣው ቅማል ነው ብሎ በአስተርጓሚ ሲያስረዳ ሰዉ በትዕግሥት ሰማው። ቅማል ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ነበረ፤ አዲስ የመጣው ካሚዮኑ ነው።

እትዬ ወለተሰንበት አዋጁን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። መንግሥት ይለወጣል እንጂ በሽተኛ መጠየቅ አይለወጥም ብለው ቅላቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እንደ ወትሮው መዞር ቀጠሉ።

የኖራውን ባልዲ የያዘው ፈቃደ የተባለ የዚያው ሰፈር ሰው ነበር፤ ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስረውለታል። ፈቃደን ቤት ለቤት መፈተሽ ይሰለቸዋል። ሆኖም በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት በሮች ቀባ፤ አምስቱንም አልሳተም። አምስቱ በሽተኞች በካሚዮን ሄዱ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። ዶክተሩ ራሱ ተደነቀ። አንድ ቀን ፈቃደ ጠጅቱ ቤት ጠላ ሲጠጣ ምስጢሩን አወጣው። “ምን ያለፋኛል? እትዬን ነው የምከተለው። እሳቸው ደህና ሰው ቤት ገብተው አያውቁም።” አጠገቡ የነበረው ሂርጳ ሰምቶ ለታየች ነገራት፤ ለሌላም ሰው ነገረ። ሰፈሩ እትዬን ባንዳ ማለት ጀመረ።

በዚያው ሳምንት ጴጥሮስ ከሥራ ሲመለስ ተንቀጠቀጠ፤ በማግስቱ ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ታየች ጓዳ አስተኛችው። ለጠየቃት ሁሉ ሥራው ቦታ ነው የሚያድረው እያለች መለሰች። የፈራችው ፈቃደን አይደለም፤ እትዬን ነው። ያች ቅል በበሯ አንድ ጊዜ ከገባች ካሚዮኑ እንደሚከተል ታውቃለች። በነጋታው ጠዋት ከበሩ ኋላ መወርወሪያውን ይዛ ቆመች። ምን ብላ እንደምታባርራቸው ቃል በቃል አዘጋጅታ ነበር፤ የሞተው ልጇ ነገር ሳይቀር አለበት። እትዬ ቅላቸውን ይዘው መጡ፤ በሩ ዘንድ ደረሱ፤ ዓይናቸውን እንኳ ሳይጥሉበት አለፉ። ታየች አማተበች።

በሁለተኛውም ቀን አለፉ፣ በሦስተኛውም። በአምስተኛው ቀን የታየች ደስታ ወደ ቅሬታ ዞረ። ሰው መቼም ጉድ ነው። ባሏ እየቃዠ ሟች እናቱን ይጣራል፤ እሷ ብቻዋን ጨርቅ እየነከረች ግንባሩ ላይ ትለጥፋለች፤ ለማንም መናገር አትችልም። መጥተው መደቡ ላይ ተቀምጠው ዓይኑን አልወደድኩትም ቢሏት እንኳ ባልጠላች ነበር።

ይልቁንም ያንገበገባት እትዬ ያን ሰሞን የማይጠይቁት ሰው አለመኖሩ ነው። ጫማ እየሰፋ የተቀመጠውን ሂርጳን ሄደው ጠየቁት፤ አጠገቡ ተቀምጠው አለቀሱለት። ፈቃደ ወዲያው በሩን ኖራ ቀባ። ዶክተሩ ካሚዮን ይዞ ሲመጣ ሂርጳ ሽሮውን እየበላ ነው። ቀጥለው ጠጅቱን ጠየቁ፤ በሯ ተቀባ፤ ዶክተሩ እንስራ ስታጥብ አገኛት። እንዲህ እንዲህ እያሉ በአንድ ሳምንት ስድስት ጤነኛ ቤት ጠየቁ። በስድስተኛው ላይ ዶክተሩ ባልዲውን በእርግጫ ደፋው። በመጨረሻ እትዬ አጥሚታቸውን ይዘው ፈቃደ ቤት ገቡና ዓይኑን አልወደድኩትም አሉት። ፈቃደ ቀኑን ሙሉ መስታወት ሲያይ ዋለ። በማግስቱ በገዛ እግሩ ዶክተሩ ዘንድ ሄዶ ተላጭቶ ተመለሰ፤ ባልዲው ሰፈሩን ለማያውቅ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሰፈሩ እትዬ ጃጅተዋል አለ። ታየች ግን ለፈቃደ እንኳ አጥሚት ወስደው የእኔን ቤት ዘለሉ ስትል ቂሟን በቂም ላይ ደረበች።

ትኩሳቱ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ለቀቀ። ጴጥሮስ ቀኝ ጆሮው እንደደነቆረ ቀረ እንጂ ተረፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ታየች ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ መንገድ ላይ ከእትዬ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች። ፊቷን አዞረች። እሳቸው ግን ቆሙ።

“ለቀቀው?” አሏት በዝቅተኛ ድምፅ።

“ማንን?”

“ጴጥሮስን ነዋ።”

ታየች እንስራዋን አወረደች። “ያውቁ ነበር?”

“ከመጀመሪያው ቀን። ባሏ ሥራ ቦታ የሚያድርባት ሴት በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ አትቀዳም።”

“ታዲያ ምነው እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ‘እንዴት አደርሽ’ ቢሉኝ?”

እትዬ ግራ ቀኝ አዩ። “አምስቱን ያስወሰድኳቸው እኔ ነኝ፣ ታየች። በገዛ እግሬ እየመራሁ። ሂርጳ የነገረኝ ለታ እግሬን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። ያንቺን ደጅ ሳልገባ ማለፍ እንዴት ያለ ነገር እንደነበረ እኔ ነኝ የማውቀው።” ከዚያ አየት አደረጓት። “አንቺም ከስተሻል። ብዪ እንጂ።”

ታየች ትከሻቸውን ልትስም ጠጋ ስትል ወደ ኋላ ሸሹ። ከትናንት ጀምሮ ራሳቸውን እንደሚያማቸው ነገሯትና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ አልታዩም።

ስብሰባ አልተደረገም፤ ማንም ለማንም የነገረው ነገር የለም። ነገር ግን ሰው አንድም ቀን ወደዚያ ቤት አልገባም። ባንዳ ሲላቸው የነበረው ሁሉ ደጃቸውን ዓይኑን ሳይጥልበት አለፈ። አዲሱ ባለ ኖራ ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል፤ የሚያየው የሚተላለፍ ሰው ብቻ ነው። ታየችም ጠዋትና ማታ እንስራዋን አዝላ አለፈች። በዚያ በር ፊት አንገቷን ቀጥ አድርጋ መሄድ ጴጥሮስን ከማስታመም አላነሰባትም። አልፋ ከሄደች በኋላ የምትብሰለሰለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ ረሳኝ ብለው ቢሞቱስ?

በአሥራ አንደኛው ቀን በገዛ አልጋቸው ላይ ሞቱ። ለባለ ኖራው እርጅና ነው ተባለ፤ ዕድሜያቸው ስለሚመሰክር አመነ። ሂርጳና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተሸክመው ልደታ ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው። በራቸው ላይ የኖራ ጭረት አልነበረም።

ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ስለነበረ ታየች ማናለብሽን ያገኘቻት ወንዙ ዳር ነው፤ ልብስ ስታጥብ። አጠገቧ ተቀምጣ እያለቀሰች ስትብሰለሰልበት የቆየችውን ጠየቀቻት። አዝነውብን ነው የሄዱት?

“አልጋዬን ወደ መንገዱ ግድግዳ አስጠጊልኝ ብላኝ ነበር” አለች ማናለብሽ። “ቀኑን ሙሉ እግር ስታዳምጥ ነው የምትውል። ይሄ ሂርጳ ነው፣ ያነክሳል፤ ይቺ ታየች ናት፣ እኔ ደጅ ስትደርስ ቀስ ትላለች፣ ባለ ኖራው ያይባታል ንገሪያት እያለች። ሲመሽ ትቆጥርና ‘ዛሬ አሥራ አራት ሰው ጠየቀኝ’ ትለኛለች። ‘ጠጅቱ ብቻ ናት የቀረችው፤ ታዝቤያታለሁ።’”