የአያቶች ገበታ ዳኛ

በአገራችን ሩዝ ያለቀበት ቤት ሊገኝ ይችላል፤ የበዓል ዳኛ የሌለው ቤተሰብ ግን አይገኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ስንጠብስና ስንቀቅል የት እንዳለ የማይታወቅ፣ ገበታው ተሰናድቶ ሲያልቅ ግን ብቅ ብሎ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ «ይሄ ሳህን እዚህ ነው እንዴ የሚቀመጠው?» የሚለውን ሰው ማለቴ ነው።

የእኛው ዳኛ የባሌ አጎት ናቸው፦ ክቡር ጋሽ ማንሶክ፣ የፖም ድንበር ጠባቂ፣ የዓሣ ራስ አቅጣጫ የበላይ ተቆጣጣሪ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ከተማችን ዴጉ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። አሁን የሚነዱት እኔን ነው።

በመኸር በዓላችን በቹሶክ ዕለት፣ ለሞቱ አያቶቻችን ገበታ በምንዘረጋበት ጠዋት፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ይጀምራሉ። «ቀይ በምሥራቅ፣ ነጭ በምዕራብ!» ፖሙን አንድ ጣት ወደ ቀኝ፣ ፒሩን አንድ ጣት ወደ ግራ ይገፋሉ። ዓሣው ራሱን ወደ ምሥራቅ ካላዞረ ሙታን ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ ባይ ናቸው። አንድ ዓመት ባሌ ጀግና ልሁን ብሎ የስልኩን ኮምፓስ ከፈተና፣ «ጋሼ፣ በዚህ ከሆነ እኮ ምሥራቁ በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ነው» አላቸው።

«አንተ ደንቆሮ! ሰሜን ማለት አያቶችህ የተቀመጡበት ነው። ሌላው ዓለም ከእነሱ ተነስቶ ነው የሚቆጠረው!»

ባሌ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ቹሶክ ሲያልፍ ያርፋሉ እንዳትሉ። ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት የክረምት ቀን፣ ክፉ መንፈስ እንዳይገባ ብለው የሕንፃችንን መግቢያ በር በቀይ አደንጓሬ ገንፎ ለቀለቁት። መንፈሱ አልመጣም፤ እጁ በር ላይ የተጣበቀበት ጎረቤት ሁሉ ግን እኔ ዘንድ መጣ። በዓመቱ የመጀመሪያ ሙሉ ጨረቃ ጠዋት ደግሞ ይደውሉና ስሜን ይጠራሉ። እኔ በእንቅልፍ ልቤ «አቤት» እላለሁ። «ሙቀቴን ግዢኝ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። በዚያ ጠዋት ተጠርቶ አቤት ያለ ሰው፣ የጠራውን የበጋ ሙቀት ተሸክሞ ይከርማል። አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜላቸዋለሁ። ሚስታቸው እትዬ ኦክሬ ግን አውቀው ነበር አቤት የሚሉት። «እሱ ሙቀት አይችልም፤ እኔ እችለዋለሁ» ይሉ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ለበዓሉ አንድ ካርቶን ኮክ ያመጣሁ ዕለት ነው። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ኮክ መንፈስ ስለሚያባርር አያቶች ገበታ አጠገብ እንደማይደርስ ማን ነግሮኝ? ጋሽ ማንሶክ ካርቶኑን ሊፈነዳ እንደደረሰ ነገር ክንዳቸውን ዘርግተው ይዘው ደረጃው ላይ አወጡት። «አምስት ትውልድ ልታባርሪብን ነው?» እንባዬ ሲመጣብኝ እኔም ወደ ደረጃው ሸሸሁ። እትዬ ኦክሬ እዚያ ቁጭ ብለው ሦስተኛውን ኮክ ይገምጣሉ፤ ጭማቂው ክርናቸው ደርሷል።

«ነይ ብዪ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እኔ ሞቼ መንፈስ ብሆን እንኳ ኮክ የሚያባርረኝ አይመስለኝም።»

እትዬ ኦክሬ ባለፈው ግንቦት አረፉ። ልጅ ስላልወለዱ፣ ስማቸው ወረቀት ላይ ተጽፎ የሚቆመው እኛ ቤት፣ ከአያቶች ጎን ነው። ዘንድሮ በዚያ ገበታ የሚቀርቡበት የመጀመሪያው ቹሶክ ነበር። ሦስት ቀን ስጠብስ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድ ነገር ነው፦ እትዬ ኦክሬ ነፍሳቸው እስኪወጣ ከሚወዱት ገበታው ላይ አንድም የለም። አንድ ኮክ ገዝቼ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ደበቅሁ። ለጋሽ ማንሶክም የምመልሰውን መልስ ስለማመድ አነጋሁ።

መጡ። ጫማቸውን አወለቁ። «ቀይ በምሥራቅ» አላሉም። በጥድፊያ ዓሣውን ገልብጬ አስቀምጬው ነበር፤ አይተው አለፉት። ይሄኔ ነው የፈራሁት።

ከኮታቸው ኪስ አንድ ጣሳ አወጡ። ከሱቅ የተገዛ፣ የታሸገ ቢጫ ኮክ።

«ጋሼ... ኮክ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ማንበብ አልችልም?» ቱግ አሉ። «ደንቡ የሚለው ከዛፍ ስለወረደ ኮክ ነው። ስለ ጣሳ የተናገረ የለም! ስኳር ውስጥ ተቀቅሎ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ ከርሞ፣ በምን አቅሙ ነው ሰው የሚያባርረው? ከግንቦት ጀምሮ ሳስብበት ነው የከረምኩት።»

«አያቶች ቅር ቢላቸውስ?» አለ ባሌ።

«ፈቀቅ ይበሉ!»

ሳህን አቀረብኩላቸው። እንዳይንጠባጠብ መዳፋቸውን ከሥር አድርገው ቁራጮቹን አንድ በአንድ በማንኪያ አወጡ። ከዚያ ሳህኑን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ቀይ በምሥራቅ ነው፣ ነጭ በምዕራብ። ቢጫስ? አርባ ዓመት ሰው ሲያርሙ የኖሩት ሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«የት ይሁን፣ ልጄ?»

ይህን ጨቅጫቃ ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ስለገባኝም ተናደድኩ። የሽርጤን ኮክ በኋላ ደረጃው ላይ ልበላው አስቀረሁትና ሳህኑን ተቀብዬ ገበታው መሀል አስቀመጥኩት።

ጋሽ ማንሶክ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው አዩት።

«አይሆንም» አሉና፣ አንድ ጣት ያህል ገፋ አድርገው ወደ ኦክሬ ስም አስጠጉት።