ወደ ታሚል አገር በአውቶቡስ

ለምሳ ስትጠራ መጀመሪያ ንባብ የምትጀምር ሴት ገጥማችሁ ታውቃለች? እኔን ትገጥመኛለች፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ አገኛታለሁ።

የወንድሜ ልጅ ዳዊት ታሚል ከሚባለው የእስያ ሕዝብ የሆነች ልጅ ሊያገባ ነው። ወላጆቹ አገር ቤት ስለሆኑ የልጅቷን እናት ሄጄ የምተዋወቀው እኔ ነኝ። እንዳላዋርደው ብዬ ወደ ታሚል አገር ለሚጓዙ የተጻፈውን ምክር በቃሌ ያዝሁ። ጫማ ይወልቃል፤ በቀኝ እጅ ይበላል፤ የበሉበት እጅ ወደ ሌላ ሰው አይዘረጋም።

«አክስቴ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ስካርቦሮ ሰፈር እኮ ነው የምንሄደው! ቦርሳሽን ምን አሳቀፈሽ?» አለኝ ዳዊት አውቶቡስ ውስጥ።

«መንገደኛ ቦርሳውን ይጠብቅ ይላል።»

እዚያም ጫማዬን አወለቅሁ፤ በሙዝ ቅጠል የቀረበልኝን ሩዝ በቀኜ በላሁ። ሁሉም ሰመረ ስል፣ የልጅቷ እናት በበሉበት እጃቸው ሩዝ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ። ይህ ነውር አልነበረም እንዴ? ወይስ ሊፈትኑኝ ነው? አፌን ገጥሜ ዳዊትን ባየው ላብ አጥምቆታል። የሴትዮዋም ፊት ጠቆረ።

«እማዬ ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዙ የተጻፈ ምክር አንብባ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ጉርሻ እምቢ ማለት ጠብ ነው ይላል።»

አፌን በረገድሁት። ሴትዮዋ ምክሩን እስከ መጨረሻው አንብበዋል መሰለኝ፣ አንዱ እንዳያጣላን ደገሙኝ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። በየትኛው አገር ምክር ልሂድ? ቀና ብል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል።

በግራ እጄ ቦርሳዬን እንዳቀፍሁ አጎረስኋቸው።