በልጄ ክስ የተፈረደብኝ

«የእኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም» የሚል ወላጅ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እኔ አለሁላችሁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አንድ ሱቅ ሊፕስቲክ ሰርቃ ተያዘችና የወጣቶች ፍርድ ቤት ቀረብን። ሱፌን ለብሼ ጥፋተኞቹን ሁሉ ዘረዘርኩ፦ ስልኩን፣ ጓደኞቿን፣ ትምህርት ቤቱን፣ በመጨረሻም አሜሪካን። አስተርጓሚዋ አንድም ሳያስቀሩ ተረጎሙልኝ።

ዳኛዋ ሰምተው ሲያበቁ «ከልጅዎ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ እራት የበሉት መቼ ነው?» አሉኝ።

ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ከየት ያምጣው? ፋሲካ ልል አሰብኩ፤ ለካ ያን ቀንም ሺፍት ላይ ነበርኩ።  ልጄ «ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ» ብላ እጄን ያዘችኝ። ዕንባዬ መጣ።

ዳኛዋም ለሦስት ወር በየቅዳሜው አብረን የቤተሰብ ምክር እንድንከታተል አዘዙ። እውነቱን ለመናገር፣ የቅዳሜ ሺፍቴን በመተዌ አኩርፌ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን መኪና ውስጥ ልጄ ሊፕስቲኩን የወሰደችው ከክፍሏ ሴቶች ልጆች ጋር ለመቀላቀል ብላ እንደሆነ ነገረችኝ። አንድም ጓደኛ እንዳልነበራት ያን ቀን ሰማሁ።

የታዘዝነው ሦስት ወር አልቋል። በቀደም ልጄ «ዳድ፣ ቅዳሜ የት እንሂድ?» አለችኝ። እኚያን ዳኛ እግዜር ይስጣቸው።