ካሪቢያን ላይ እንግዳ ሆኜ ልቀር የነበረበት ከሰዓት

ትናንት ከምሳ በኋላ ሕልም አየሁ። ሕልም የሚታየው ሌሊት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ሆዱን ሞልቶ አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው።

ሥልጠናው ለእኛ ለባቱ ሐይቅ የጀልባ አስጎብኚዎች የተዘጋጀ ነበር። አሠልጣኟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የአንድ ካሪቢያን ደሴት ፎቶ ግድግዳው ላይ ታሳየናለች። «የዛሬ ጎብኚ ሆቴል ሰልችቶታል» ትላለች። «ከአጥማጁ ጋር ማጥመድ፣ ከእናቶች ጋር ማብሰል፣ ከሽማግሌዎች ጋር ዶሚኖ መጫወት ነው የሚፈልገው። እውነተኛውን ኑሮ።» እኔ እውነተኛውን ኑሮ ስለጠገብኩት ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወዲያው ባሕር መሀል ነኝ። ባሕሩ ጉልበት ድረስ ነው። እኛ ተሳፋሪዎቹ ጀልባዋን በትከሻችን ተሸክመን እንሄዳለን፤ ላይዋ ላይ ቆብ ያደረገ ፍየል እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ካፒቴኑ እሱ ነው።

«ቀስ በሉ እንጂ» ይለናል። «ጀልባዋን ውሃ እንዳይነካት፤ ከነካት ትበሰብሳለች።»

ዳርቻው ላይ ስንደርስ ዛፎቹ ሥራቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቆመዋል። ኮኮናቶቹ ከሥር ተደርድረው ሰው በስሎ እስኪወድቅላቸው አንጋጠው ይጠብቃሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጧ ብሎ ወደቀ። ኮኮናቶቹ አንኳኩተው አዳመጡትና «ውሃ የለውም» ብለው ተዉት።

አገሬው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ካሜራ አንግቶ ይጠብቀን ነበር። ከፊት የቆመችው ሻሿን እንደ ግንብ ቆልላ ያሰረች፣ ደንዳና ሴትዮ ነች። እማማ ኦርቴንስ ይሏታል። ሕልም ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። አገጬን ይዛ አፌን ከፈተችና እንደ ገበያ በቅሎ ጥርሴን አየች።

«እውነተኛ ጎብኚ ነው?» አለችው ፍየሉን። «ባለፈው ያመጣህልን የሠፈራችን ልጅ ሆኖ ተገኝቷል። ፎቶ ከተነሣን በኋላ አክስቱ መጥታ ወሰደችው።»

«ይሄ ኦሪጅናል ነው እማማ። ከቲማቲም ማሳ አጠገብ ነው ያነሣሁት።»

«የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «እዚህ እንግዳ አገር አይጎበኝም፤ አገሩ ነው እንግዳውን የሚጎበኘው። አንተ ዝም ብለህ እንግዳ ሁን።»

ሕዝቡ ከበበኝ። ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ሻንጣ ጉልበቴ መሀል አጥብቄ ይዣለሁ። አንዷ ለባሏ «ሻንጣውን በጉልበቱ መሀል እንዴት እንደያዘ አየህልኝ? በባህላቸው ሰው አያምኑም» ትለዋለች። ባልየው «ላቡን አንሺው፣ ላቡን» ይላታል።

ቀጥሎ ዓሣ ማጥመድ አሉና ወደ ባሕሩ ወረወሩኝ። ዓሦቹ ጀልባ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ መንጠቆ ጥለዋል። መንጠቆው ጫፍ ላይ ትኩስ ሳምቡሳ አለ። ማንም ሰው ቢሆን ይነክሳል፤ ነከስኩ። አንድ ሪዛም አምባዛ በከንፈሬ ጎትቶ አወጣኝና ወገቤን ጨበጥ ጨበጥ አደረገኝ።

«አጥንት ብቻ ነው። ይደግ፣ መልሱት» አለ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ።»

«ከዚህ በላይ አታድግም ማለት ነው? አሳዘንከኝ» አለና መልሶ ጣለኝ። ሳምቡሳዋን ግን ከአፌ አወጣት።

ከባሕሩ ስወጣ ዶሚኖ ቤት ውስጥ ነኝ። ዶሚኖዎቹ ጠረጴዛውን ከበው ሽማግሌዎቹን እያነሡ ጧ ጧ ያደርጋሉ። «መላጣ ያለህ?» አለ አንዱ ዶሚኖ። ሌላው እጁ ላይ ያሉትን አዛውንቶች አገላብጦ አየ፣ ሁሉም ባለ ፀጉር ናቸው፤ አለፈ። መላጣዬን አይተው እንዳይመርጡኝ ቆቤን አጥብቄ ወጣሁ።

እስከዚህ ድረስ ምንም አልነበረም፤ ፈተናው የመጣው ምሳ ላይ ነው። ማንጎ ዛፍ ሥር በኮኮናት የበሰለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ሽታው አፍንጫ የሚያስነጥስ ወጥ ቀረበ። ወጡን ያቀረበው ሽርጥ ያሠረ ዶሮ ነበር፤ ሥጋው የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። ሆዴ ግን አላፈረም፣ ጮኸ።

«ትበላለህ?» አለችኝ እማማ ኦርቴንስ።

እናቴ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። «አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ጥሩ» አለች፤ ዶሮው ሳህኑን አነሣው።

ጠበቅኩ። እኛ አገር እኮ ነገሩ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። የቤቱ እመቤት «ምን በላህ? የት በላህ?» ትላለች፣ ክንድህን ትይዛለች፣ በሞቴ ትላለች፣ ታኮርፋለች። አንተም «እሺ፣ እንዳይከፋሽ ትንሽ ልቅመስ» ብለህ ድስቱን ሙልጭ ታደርጋለህ። እዚህ ማንም ክንዴን አልያዘም።

«እማማ፣ ቅር አላለዎትም?»

«ለምን ቅር ይለኛል? በልቻለሁ አልክ አይደል?»

«እሱማ ብያለሁ።»

«ዋሽተህ ነው?»

«ኧረ በስማም።»

«ታዲያ ምን አስቸገረህ?» አለችኝ። ሩዙን አንድ ሸርጣን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በሹካ በላው። ሕዝቡ «ምራቁን ሲውጥ አንሱት» እየተባባለ ተጋፋ።

ከማንጎው ጀርባ የመስታወት ቤት አለ። ውስጡ አንድ ከሲታ ሽማግሌ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ «እውነተኛ ጎብኚ። መመገብ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሳያቸው የአገሬ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ፣ የመቂ ሰው።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እንግዳ ነኝ» አሉ በደከመ ድምፅ። «ስማኝ ልጄ፣ ፀሐይ ስትወጣ ጀልባዋ ትሄዳለች። ካፒቴኑ ትሳፈራለህ ወይ ብሎ አንዴ ይጠይቅሃል። አንዴ ብቻ። እሺ ካላልክ ዕድሜ ልክህን እንግዳ ነህ። ጫማህን አታወልቅም፣ ጓዳ አትገባም፣ ስትራብ ጠግቤያለሁ ትላለህ፣ እነሱም ያምኑሃል።»

«እርስዎ ምን ብለው ነው የቀሩት?»

ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «‹አይ፣ እኔ አልቸኩልም› ብዬ።»

እንግዳ ሆኖ ዕድሜ ልክ መኖር ማለት፣ ለእኔ ዓይነቱ ሰው፣ ወጥ እየሸተተው በረሃብ መሞት ማለት ነው። ማንጎው ሥር ተቀምጬ እሺ ማለትን ተለማመድኩ። እሺ። እሺ። መጀመሪያ ላይ «እሺ፣ ግን እንዳላስቸግር» እያለ ይወጣብኝ ነበር። ቆይቶ ለመደልኝ።

ፀሐይዋ ከባሕሩ መውጣት ጀመረች፤ እዚያ የምትወጣው ሲመሽ ነው። ለጋሽ ወርቅነህ አዘንኩላቸውና የመስታወቱን በር ገፋ ባደርገው ተከፈተ። ለካ አልተቆለፈም።

«ለምን አይወጡም ነበር?»

«ውጡ ሳይሉኝ?» አሉ በድንጋጤ።

እጃቸውን ይዤ እየጎተትኩ ጀልባዋ ጋ ደረስን። ፍየሉ ቆቡን አስተካክሎ አየን።

«የቀረችኝ የአንድ ሰው ቦታ ነች። ማነው የሚሳፈረው?»

እሺ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እምላለሁ፣ ነበር። ግን አጠገቤ ሽማግሌ ሰው ቆመው እንዴት ብዬ?

«እርስዎ ይግቡ ጋሼ» አልኩ።

«ኧረ በጭራሽ። አንተ ግባ፣ ልጆች አሉህ።»

«አይሆንም። ታላቅ እያሉ እኔ?»

«በሞቴ ግባ።»

«አባቴ ይሙት አልገባም።»

«እንዲያውም አኮርፍሃለሁ» አሉኝና በሁለት እጃቸው ገፉኝ። እኔም ገፋኋቸው። ሲገፉኝ ስገፋቸው፣ ሲምሉ ስምል፣ ተሳፋሪዎቹ ጀልባዋን ተሸክመው ባሕሩን ተያያዙት። ፍየሉ ዞር ብሎም አላየን።

ከኋላችን ጭብጨባው ቀለጠ። እማማ ኦርቴንስ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። «ይሄ ነው እውነተኛው» ትላለች። «ይሄንን ነበር ስንጠብቅ የኖርነው። እስቲ ድገሙልን።» ሁለት ጎረምሶች ለመስታወቱ ቤት ለእኔ የሚሆን ወንበር ይዘው መጡ። አንዱ አንገቴ ላይ ሰሌዳ ሲያጠልቅ፣ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከውስጤ እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ ወጣ። ወደ ባሕሩ ሮጬ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ ጮኽኩ። «እሺ። እሺ አልኩ። እሳፈራለሁ፣ እበላለሁ፣ ሁሉንም እሺ።»

ጭብጨባው ባሰ። ከዚያ ማዕበሉ አነሣኝና ለስለስ አድርጎ ሲያንሳፍፈኝ ቆየ። ባሕሩ መጥራት ጀመረ፤ እንደ ስልክ ይጠራል።

ነቃሁ። የሚጠራው ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ ነው። አዳራሹ ባዶ ሆኗል። ጀልባ የምንጋራው ጓደኛዬ ገመቹ ብቻ የተረፉትን የውሃ ጠርሙሶች ቦርሳው ውስጥ ይከታል። በኩራት ዓይን አየኝ።

«አንተ ሽብሩ፣ ወንድ ነህ ዛሬ» አለኝ።

«ምን አደረግኩ?»

«አሠልጣኟ ‹ቤቱን ለጎብኚዎች የሚለቅ ፈቃደኛ አለ ወይ› ብላ ስትጠይቅ ሁላችንም መሬት መሬት ስናይ አንተ እሺ አላልክም? ያውም እየጮህክ። አጨበጨብንልህ።»

«ተኝቼ እኮ ነው ገመቹ።»

«እሷ ዓይኑን ጨፍኖ በስሜት ነው የተናገረው ብላለች። እኛም እንዳንቀሰቅስህ ብለን ተውንህ። ጎብኚዎቹ ከዛሬ ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ይቆያሉ አሉ። እውነተኛው ኑሮ እንዲሆንላቸው አልጋውም ድስቱም የእናንተው ይሁን ተብሏል።»

«እኛስ የት ልንተኛ ነው?»

«እሱ የሥልጠናው ሁለተኛ ክፍል ነው።»

ስልኩ አሁንም ይጠራል። አነሣሁት። ባለቤቴ አስካለ ናት፤ ድምፅዋ ረጋ ብሏል፣ ሲረጋ ነው የምፈራው።

«ሽብሩ።»

«እ፣ አስኩ።»

«አልጋችን ላይ ከነጫማቸው የተኙት እነማን ናቸው?»